ቀለበት ቆጣሪዎቹና እኔ

የምሠራው ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ወቅት ከገባ ሰኞ ሰኞ ጠዋት እረፍት ክፍላችን ውስጥ አንድ የማያረጅ ክርክር አለ። ከኳርተርባኮች (የቡድኑን ጥቃት ከሚመሩት ኳስ ወርዋሪዎች) ሁሉ ታላቁ ማን ነው? ወጣቶቹ ማሆምስ ይላሉ። በእኔ ዕድሜ ያሉት ቶም ብሬዲ። ጠና ያሉት ጆ ሞንታና ይሉና ሌላው ሲጮህ ዝም ይላሉ። ክርክሩ የሚዘጋበትም መንገድ ያው ነው፤ አንዱ ይነሳና ሰባት ጣቱን ያሳያል። ሰባት ቀለበት፤ ብሬዲ ሱፐር ቦውልን፣ የዓመቱን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሰባት ጊዜ አሸንፎ ያገኛቸው። በቃ፣ ሁሉም ወደ ሥራው።

አንድ ሰኞ ግን እንደዚያ አልተዘጋም። የሕንፃው ጥበቃ የሆኑ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ አሉ። ቡና ሊቀዱ ገብተው ጥግ ላይ ቆመው ሲሰሙን ቆዩ። ከዚያ ጠየቁን። «ብሬዲ አሥር ሱፐር ቦውል ተጫውቷል። ከአሥሩ ውስጥ እሱ ራሱ አንደኛ ሆኖ የተጫወተው የቱን ነው?» ሁላችንም ባንድ አፍ የአትላንታውን አልን፤ 28 ለ 3 ሲመሩት ቆይቶ ያሸነፈውን። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፊላደልፊያውን ነው» አሉ። «የተሸነፈውን።» ቡናቸውን ይዘው ወጡ።

ከኋላቸው ሳቅ ነበር። እኔም ስቄ ነበር መሰለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ግን ያንን ጨዋታ ከፍቼ አየሁት። ቀጥሎ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሱፐር ቦውል አየሁ። ሁለቱን ተከታትሎ ያየ ሰው ቀለበት መቁጠር ሊከብደው ነው።

505 ያርድ እና 13 ነጥብ

መጀመሪያ ፌብሩዋሪ 2018፣ ሚኒያፖሊስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ስፖርቱም የፈረንጅ ነው።) ብሬዲ የዚያን ቀን በድምሩ 505 ያርድ ወረወረ። ከዚያ በፊት በሱፐር ቦውል 500 ያለፈ ሰው አልነበረም። ሦስት ታችዳውን (ኳሷ ጎል ክልል ስትደርስ የሚቆጠረው) ወረወረ፣ አንድም ኢንተርሴፕሽን (በባላጋራ የተነጠቀ ውርወራ) የለበትም። ቡድኑ ፓትሪየትስ ጨዋታውን ሙሉ አንዴም ፐንት አላደረጉም፤ ማለትም ኳሷን በፈቃዳቸው ለባላጋራ አልመለሱም። 613 ያርድ ሄዱ። ይህ ሁሉ ሆኖ 41 ለ 33 ተሸነፉ።

ለምን ተሸነፉ? መከላከሉ ማንንም ማስቆም ስላቃተው። በሌላ በኩል የነበረው ኒክ ፎልስ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ነው፤ ዋናው ካርሰን ዌንትዝ ዲሴምበር ላይ ተጎድቶ ነው እሱ የገባው። ከሦስት ዓመት በፊት በሲያትሉ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ኳሷን ነጥቆ ያዳናቸው ማልኮም በትለር ደግሞ ያን ቀን በመከላከል ላይ አልተሰለፈም፤ አሰልጣኙ አስቀመጡት። ብሬዲ ላይ የምትተቹት ነገር ካስፈለጋችሁ ሁለት አለ። አንደኛው፣ በተንኮል ጨዋታ ለእሱ የተወረወረችለትን ኳስ መያዝ አቃተው። ፎልስ በተመሳሳይ ተንኮል የተወረወረለትን ይዞ ታችዳውን አስቆጠረ። ሁለተኛው፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር የፊላደልፊያው ብራንደን ግሬም መጥቶ ኳሷን ከእጁ አስጣለው። የሚያስቆጭ ነው። ግን 505 ያርድ የወረወረን ሰው «አንዴ ኳስ ጣልክ» ብሎ መክሰስ ይከብደኛል።

ቀጥሎ ፌብሩዋሪ 2019፣ አትላንታ። ከራምስ ጋር። 13 ለ 3 አለቀ። በሱፐር ቦውል ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነጥብ የተቆጠረበት ጨዋታ የለም። ብሬዲ 262 ያርድ፣ ዜሮ ታችዳውን፣ አንድ ኢንተርሴፕሽን። የጨዋታው ብቸኛ ታችዳውን በሩጫ የገባች ናት። እርግጥ ከእሷ በፊት ለግሮንካውስኪ የወረወራት ኳስ ግሩም ነበረች፣ እሷን አልክድም። ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ግን ጁሊያን ኤደልማን ነው። ጨዋታውን ያሸነፈው ደግሞ መከላከሉ ነው።

ይሄኛው ስድስተኛ ቀለበቱ ነው። የፊላደልፊያው በቆጠራው ውስጥ የለም። ሰውየው አንድ ነው፣ ማሊያው አንድ ነው፣ መሀላቸው ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በጣቱ የሚቆጥር ሰው ለደከመው ቀን አንድ ይሰጠዋል፣ ለበረታው ቀን ዜሮ። ብሬዲን ለማሞገስ ብለን ያወጣነው መለኪያ ብሬዲን ራሱን አሳስቶ እየለካው ነው።

የዋሽንግተን ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚያስብ

ሽማግሌው ይህንን ጥያቄ ከየት እንዳመጡት ቆይቶ ነው የገባኝ። የዋሽንግተን ደጋፊ ናቸው። ይህ ቡድን ሦስት ሱፐር ቦውል አለው፤ በጃንዋሪ 1983፣ በጃንዋሪ 1988 እና በጃንዋሪ 1992 ያሸነፋቸው። ሦስቱንም ያሸነፈው በተለያየ ኳርተርባክ ነው። ጆ ታይስማን፣ ዳግ ዊልያምስ፣ ማርክ ሪፒን። ከሦስቱ አንዳቸውም ሆል ኦፍ ፌም (የስፖርቱ የክብር መዝገብ) አልገቡም። የገቡት አሰልጣኙ ጆ ጊብስ ናቸው። ፊት ለፊት የሚገፋውን የእነዚያን ግዙፍ ልጆች መስመር፣ «ሆግስ» የሚሏቸውን፣ የከተማው ሰው እስከዛሬ በፍቅር ነው የሚጠራቸው።

እንግዲህ እዚህ አድገህ ቀለበት የኳርተርባክ ነው ብሎ ማመን እንዴት ይቻላል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እኛ በተረት ሰምተነዋል፤ እሳቸው በእሑድ ከሰዓት አይተውታል። አንድ ቡድን ሜዳ ላይ የሚያሰልፈው 11 ሰው ነው። ኳርተርባኩ ደግሞ መከላከሉ ሲገባ ወጥቶ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ግማሹን ጨዋታ ተመልካች ነው።

ብሬዲም ተመልካች ሆኖ ያገኛቸው ቀለበቶች አሉት። በ2002 የመጀመሪያውን ያመጣው መቺው አዳም ቪናቲየሪ ከ48 ያርድ የመታት ኳስ ናት። በ2004 ሁለተኛውንም የወሰነው የእሱ እግር ነው። በ2015 ሲያትል ከመስመሩ አንድ ያርድ ላይ ነበሩ። አንድ ያርድ! ማርሾን ሊንች የሚባል ማንም የማያቆመው ሯጭ አላቸው፤ ግን መወርወር መረጡ፣ በትለር ነጠቀ። ብሬዲ ያኔ ከሜዳ ውጭ ነበር። እርግጥ በዚያው ጨዋታ አራት ታችዳውን ወርውሯል፣ በመጨረሻው ሩብም 10 ነጥብ ሲመሩት ተመልሷል። ሊንች ያቺን አንድ ያርድ ቢገፋት ኖሮ ግን እነዚያን አራት ታችዳውኖች ዛሬ ማን ያነሳቸው ነበር?

እስከ መጨረሻው ግን አልከተላቸውም

እሳቸው በኋላ ሳወራቸው ቀለበት ምንም አይደለም አሉኝ። እዚህ ላይ ተለያየን። ምንም አይደለም ማለት ሌላኛው ጥግ ነው።

28 ለ 3 የሆነውን ጨዋታ ውሰዱ፤ ፌብሩዋሪ 2017፣ ሂዩስተን። አትላንታ በመጨረሻው ሩብ 28 ለ 20 እየመሩ የፓትሪየትስ 22 ያርድ መስመር ድረስ ደርሰው ነበር። ሦስት ጊዜ ሮጠው ፊልድ ጎል (በእግር የሚመታ፣ 3 ነጥብ) ቢመቱ ልዩነቱ 11 ይሆንና ጨዋታው ያልቃል። እነሱ ለመወርወር ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ኳርተርባካቸው ማት ራያን ተጣለ፣ ቅጣት ተጨመረ፣ ከምት ክልል ወጡ። ይህ የብሬዲ ሥራ አይደለም። ተጨማሪ ሰዓቱ ላይ ሳንቲም ሲጣል ፓትሪየትስ አሸነፉ፤ በወቅቱ ሕግ ቀድሞ ታችዳውን ያስቆጠረ ጨዋታውን ይጨርሳል፤ የዚያ ዓመት ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ራያን ኳስ ሳይነካ ተሸነፈ። ይህም የብሬዲ ሥራ አይደለም። ግን የተሰጠውን ዕድል ሁሉ፣ አንዱንም ሳይጥል፣ የተጠቀመው እሱ ነው። ዕድል በር ያንኳኳል እንጂ 91 ያርድ አይሄድም። 28 ለ 20 ሲሆን ከራሱ 9 ያርድ መስመር ተነስቶ የሄደው ያንን ነው።

እኛ ሀበሾች ይህን ክርክር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? እዚያ እኮ መከላከል የለም፣ መስመር የለም፣ መቺ የለም። አንድ ሰው፣ ሁለት እግር፣ አንድ ሰዓት። ቀነኒሳ በ10,000 ሜትር 26:17.53 ሮጧል፣ ኃይሌ ያንን አልሮጠም። ቀነኒሳ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፣ ኃይሌ ሁለት። በቁጥር ከሆነ አልቋል። ታዲያ የአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አልቋል ብላችሁ ሞክሩ! አትላንታ 1996ን ያየ፣ ሲድኒ 2000 ላይ ቴርጋትን በመጨረሻዋ እርምጃ ሲቀድመው የጮኸ ሰው በቁጥር አይረታም። ሰዓት የሚለካው ስፖርት እንኳ እንዲህ ካወዛገበን፣ 11 ሰው የሚገፋትን ኳስ የአንድ ሰው አድርገን መቁጠራችን ድፍረት ነው።

ያልተያዘችው የሞንታና ኳስ

የሞንታና ሰዎች ትልቁ ካርዳቸው ዜሮ ነው። አራት ሱፐር ቦውል፣ አራቱንም አሸነፈ፣ 122 ጊዜ ወረወረ፣ 11 ታችዳውን፣ ዜሮ ኢንተርሴፕሽን። እውነት ነው፣ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። ግን የጃንዋሪ 1989ን የሲንሲናቲ ጨዋታ አራተኛ ሩብ ተመልከቱ። ሞንታና ጎል መስመሩ ጋ የወረወራት ኳስ በቀጥታ የሲንሲናቲው ተከላካይ የሉዊስ ቢለፕስ እጅ ላይ ገባች። ቢለፕስ ጣላት። በሚቀጥለው ውርወራ ጄሪ ራይስ ታችዳውን አስቆጠረ። ከዚያ ነው ያ ዝነኛው የ92 ያርድ ጉዞ የመጣው፤ 34 ሰከንድ ሲቀር ለጆን ቴይለር ወርውሮ 20 ለ 16 ያሸነፈው። ቢለፕስ ጣቶቹን ትንሽ ቢያጠብቅ ዜሮው አንድ ይሆናል፣ 92 ያርዱም ላይኖር ይችላል። ሞንታና ራሱ ያደረገው ነገር ግን አይለወጥም፤ ያቺን ኳስ ያኔም ወርውሯታል።

ዳን ማሪኖን ደግሞ ሁሉም ይረግጠዋል። በ1984 ሲዝን 5,084 ያርድ እና 48 ታችዳውን ወረወረ፤ ተከላካይ ተቀባዩን እንደ ልቡ በሚጎነትልበት ዘመን፣ ዛሬ ኳርተርባክን በክፉ ዓይን ያየ በሚቀጣበት ጊዜ ሳይሆን። አንድ ሱፐር ቦውል ገባ፣ በሞንታና ተሸነፈ፣ ዳግም አልተመለሰም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ «ዜሮ ቀለበት» የምትለው ምሳር ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለች። በሌላ በኩል ፔይተን ማኒንግ ሁለተኛ ቀለበቱን ያገኘበትን የ2015 ሲዝን ታስታውሳላችሁ? 9 ታችዳውን፣ 17 ኢንተርሴፕሽን፣ በመሀል አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሱፐር ቦውሉን ቮን ሚለርና መከላከሉ ተሸክመው አሻገሩት። 55 ታችዳውን በወረወረበት በ2013 ሲዝን ግን በሲያትል 43 ለ 8 ተቀጠቀጠ። እንደ ብሬዲ ሁለት ዓመታት ነው ነገሩ፣ እንዲያውም የባሰ።

ዋረን ሙን

ሽማግሌው «የእርሶስ ታላቅ ማን ነው?» ስላቸው ዳግ ዊልያምስ አሉኝ። ታላቁ እንዳልሆነ ያውቁታል፣ ዓይናቸው ይስቃል። ግን ጃንዋሪ 31 ቀን 1988ን ሲተርኩት ፈገግታው ጠፋ። ዊልያምስ ከዋዜማው ጥርሱን ሥር ድረስ ታክሟል። ዴንቨር 10 ለ 0 መሩ። ጉልበቱ ተጠማዘዘ። ከዚያ ሁለተኛው ሩብ ላይ ብቻ ዋሽንግተን 35 ነጥብ አስቆጠረ፣ አራቱን ታችዳውን ዊልያምስ ወረወረ። 42 ለ 10። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ።

እኔን ግን የያዘኝ የሌላው ሰው ታሪክ ነው። ዊልያምስ ከኮሌጅ በወጣበት በዚያው በ1978 ዋረን ሙንም ወጣ። የሮዝ ቦውል፣ የዝነኛው የኮሌጅ ጨዋታ፣ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ቦታህን ቀይር፣ ለኳርተርባክነት አትሆንም የሚል ነገር ነበረበት፤ ያኔ ለጥቁር ልጆች ይባል የነበረው ያ ነው። እምቢ አለ። በድራፍቱ፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት፣ ማንም አልመረጠውም። በዚያ ዘመን ድራፍቱ 12 ዙር ነበር። ካናዳ ሄደ፤ ከኤድመንተን ጋር አምስት ተከታታይ ዋንጫ በላ። በ1984 ሂዩስተን ሲያስፈርሙት 27 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው 49,325 ያርድ የወረወረው። ካናዳ ላይ ከነበረው 21,228 ጋር ስትደምሩት 70,000 ያልፋል። በ2006 ሆል ኦፍ ፌም የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ።

ሱፐር ቦውል ግን አልተጫወተም። ጃንዋሪ 1993፣ ወደ ሱፐር ቦውል በሚወስደው ጥሎ ማለፍ፣ በፋሎ ላይ ሂዩስተን እረፍት ሲወጡ ስንት ለስንት ይመሩ ነበር? 28 ለ 3። ሙን በመጀመሪያው አጋማሽ አራት ታችዳውን ወርውሯል። ከእረፍት መልስ 35 ለ 3 ሆነ። ከዚያ በበፋሎ ተጠባባቂ ኳርተርባክ፣ በፍራንክ ራይክ፣ 41 ለ 38 ተሸነፉ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ሙን የወረወራት ኳስ ተነጥቃ ነው ፊልድ ጎሉ የመጣው፤ እሷን ደብቄ አላልፍም። ሆኖም ሰው 28 ለ 3 ሲል ብሬዲን ብቻ ያስባል። ያንኑ ልዩነት ከሌላኛው ወገን ሆኖ ያየ፣ ስድስት ዓመቱን ደግሞ ሌላ አገር እንዲጨርስ የተገደደ ሰው በጣት ቆጠራው ውስጥ ቦታ የለውም። እነዚያን ስድስት ዓመታት በምን ትቆጥሯቸዋላችሁ? ቀለበት ለማግኘት መጀመሪያ በር መከፈት አለበት።

ታዲያ ማን ነው?

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ብዬ አሁንም ብሬዲ እላለሁ። ሰባት ስለሆነ ግን አይደለም። 2020 ላይ 20 ዓመት የኖረበትን ቤት ትቶ ወጣ። ፓትሪየትስ ያለ እሱ 7 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። እሱ ታምፓ ሄዶ፣ በ43 ዓመቱ፣ በአዲስ ቡድን፣ በወረርሽኙ ምክንያት ልምምድ በቅጡ ባልነበረበት ዓመት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። በድራፍት 199ኛ ለተመረጠ ልጅ «አሰልጣኙ ነው ያደረገው» የሚለውን ክርክር ከዚህ በላይ የሚመልስ ነገር አላውቅም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቦታ ግን ክፍት ነው፣ ሙንንም እዚያ አካባቢ አስቀምጬ ሰው ሲናደድ ማየት እወዳለሁ።

የእህቴ ልጅ ማሆምስ አሁኑኑ በልጦታል ባይ ነው። «ጋሼ፣ ሦስት አለው እኮ፣ ገና ነው» ይለኛል። እኔ ስለ ማሆምስ የምነግረው ሌላ ነው። ያው የታምፓ ሱፐር ቦውል፣ ማሆምስ በብሬዲ 31 ለ 9 የተሸነፈው። ሁለቱም የዳር ጠባቂዎቹ ተጎድተው አልተሰለፉም፣ ከኋላ ከፊት ሲያሳድዱት ነው ያመሸው። አንድ ጊዜ አየር ላይ ተዘርግቶ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ እየወደቀ ወረወረ። ኳሷ ጎል ክልል ውስጥ ያለው ጓደኛው የራስ ቁር ላይ፣ ፊቱ ላይ አረፈች። አልያዛትም። መዝገቡ ላይ ያልተያዘ ፓስ ተብላ ተጽፋለች። ማሆምስን ከብሬዲ አጠገብ ለማስቀመጥ ያቺ ኳስ ለእኔ በቂ ናት። ልጁ ግን ሦስቱን ቀለበት መጥራት ይቀለዋል፣ የያዘው መንገድም ከእኔ ይልቅ በእረፍት ክፍላችን ሰው ዘንድ ተሰሚ ነው።